ሐይቅ ላይ ወራጅ አለ

ከተማና አውቶቡስ ያላቸው ዝምድና ሁለት ዓይነት ነው፤ አውቶቡስ የሚነሣባቸውና የሚያድርባቸው ከተሞች አሉ፣ አውቶቡስ ጭሱን ትቶባቸው የሚያልፍባቸውም አሉ። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ደሴና ወልዲያ ከፊተኞቹ ሲቆጠሩ፣ በሁለቱ መካከል ባለው 120 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የተሰለፉት ሐይቅ፣ ውጫሌ፣ ውርጌሳና መርሳ ከኋለኞቹ ወገን ናቸው። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ ሐይቅ ስሟን ያገኘችው ከጎኗ ካለው ውሃ፣ ዝናዋን ያገኘችው በውሃው ዳር ካለው ጥንታዊው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ቢሆንም፣ የዕለት ኑሮዋን የቀረጸው በመሐሏ የሚያልፈው አስፋልት ነው፤ ስለዚህም የቅርብ ዘመን ታሪኳን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከገዳሙ ብራናዎች ይልቅ የነዋሪዎቿን የአውቶቡስ ትዝታ ቢጠይቅ የተሻለ መልስ ያገኛል።

ስለ አውቶቡስ ትዝታ ሲነሣ ከሩቅ አገር የሚጠቀሱት የሰሜን እንግሊዝ የፋብሪካ ከተሞች ናቸው። በላንክሻየርና በዮርክሻየር የሚገኙት እንደ በርንሊ፣ ሮችዴል፣ ሃሊፋክስና ሃደርስፊልድ ያሉ ከተሞች አስቀድመው ትራም፣ ማለትም በከተማ መንገድ ላይ በተዘረጋ ሐዲድ የሚሄድ ባቡር፣ በኋላም አውቶቡስ በየራሳቸው ማዘጋጃ ቤት ገንዘብ እየገዙ ያሠማሩ ስለነበር፣ እያንዳንዱ ከተማ የራሱ ቀለም ነበረው፤ የሃሊፋክስ አውቶቡስ በብርቱካናማ፣ በአረንጓዴና በክሬም ቀለሙ ከሩቅ ይለይ የነበረ ሲሆን፣ በየአውቶቡሱ ጎን የከተማው ዓርማ ይታተም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የትራንስፖርት ሕግ ከለንደን ውጭ ያለውን የአውቶቡስ አገልግሎት ለገበያ ውድድር ከፍቶ በሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት ወር ሥራ ላይ ሲውል፣ እስከዚያ ጊዜ የቀሩት የማዘጋጃ ቤት አውቶቡሶች ወደ ኩባንያነት ተለወጡ፣ አብዛኞቹም በጊዜ ብዛት ተሸጡ፤ እንደ ብላክፑል ያሉ ጥቂት ከተሞች ብቻ ንብረታቸውን እስከ ዛሬ በእጃቸው አቆይተዋል። የእነዚያ ከተሞች ሽማግሌዎች ስለ አውቶቡስ ሲያወሩ የሚያወሩት ስለ ራሳቸው ንብረት ነው፤ ናፍቆታቸውም አንድ ቀን የእነርሱ የነበረን ነገር የማጣት ናፍቆት ነው።

በኢትዮጵያ ለዚህ ቅርብ የሚሆነው የአዲስ አበባው አንበሳ አውቶቡስ ብቻ ነው። አንበሳ በ1935 ዓ.ም. ከኢጣሊያ ጦር በተረፉ ጥቂት የጭነት መኪናዎች ሥራ እንደ ጀመረ፣ በ1944 ዓ.ም. በአክሲዮን ማኅበር እንደ ተደራጀ፣ ከ1966ቱ አብዮት በኋላም ወደ መንግሥት ይዞታ እንደ ተዛወረ ይታወቃል፤ ቀይና ቢጫ ቀለሙ፣ በጎኑ ያለው አንበሳና ከሆላንድ የመጡት የዳፍ አውቶቡሶቹ ለዋና ከተማዋ ነዋሪ፣ ለሃሊፋክስ ሰው የሃሊፋክስ አውቶቡስ የነበረውን ያህል ሆነውለታል። ሐይቅ ግን ስሟ የተጻፈበት አውቶቡስ ኖሯት አያውቅም። በግንባሩ ላይ «ደሴ – ወልዲያ»፣ «ደሴ – መቀሌ» ወይም «አዲስ አበባ – ወልዲያ» የሚል ሰሌዳ ያንጠለጠለ ተሽከርካሪ በየቀኑ ቢያልፍባትም፣ እርሷ በሰሌዳው ላይ ባለችው አጭር ሰረዝ ውስጥ የተዋጠች ከተማ ናት።

መንገዱ ራሱ ሌላ ታሪክ አለው። ከአስመራ ተነሥቶ በደሴ በኩል እስከ አዲስ አበባ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና በኢጣሊያ ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፣ ጦርና ስንቅ ለማመላለስ የተሠራ ነው። ከሐይቅ ቀጥሎ ወደ አምባሰል ወረዳ የገባ መንገደኛ የሚያገኛት ዋና ከተማ ውጫሌ ናት፤ በአቅራቢያዋም ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የኢጣሊያው መልእክተኛ አንቶኔሊ የውጫሌን ውል የተፈራረሙበት ይስማ ንጉሥ የተባለው ስፍራ ይገኛል። በአማርኛውና በኢጣሊያንኛው ቅጂ አለመስማማት ምክንያት ወደ ዓድዋ ጦርነት ያመራው ውል በተፈረመበት አገር፣ ከ40 ዓመታት በላይ ቆይቶ ያው የኢጣሊያ መንግሥት አስፋልት ዘረጋ፤ የአምባሰል ገበሬም በጠላት መንገድ ላይ የወገን አውቶቡስ ተሳፍሮ ገበያ ለመውጣት በቃ። ታሪክ እንዲህ ያለውን ፌዝ ብዙ ጊዜ አያስተውለውም፤ በአውቶቡስ መስኮት የሚያይ ሰው ግን ሊያስተውለው ይገባል።

በዚህ መንገድ ላይ ለረጅም ዓመታት የገነነው ተሽከርካሪ ሕዝቡ «ኤንትሬ» የሚለው ነበር፤ ይኸውም ፊያት 682 ኤን 3 የተባለው ባለ ከባድ ሞተር የኢጣሊያ መኪና ሲሆን፣ እንደ ጭነት መኪና ተሳቢ እየጎተተ ከመሥራቱ በላይ፣ በሻንሲው ላይ አገር ውስጥ የተሠራ የአውቶቡስ አካል እየተገጠመለት ሰው ያመላልስ ነበር። ይህን የአውቶቡስ አካል ከቆርቆሮና ከብረት የመገጣጠም ሙያ ካሮሴሪ ይባላል፤ ሞያተኞቹ ከኢጣሊያውያን የተማሩትን ይዘው ወንበሩን፣ መስኮቱን፣ ከኋላ የሚንጠለጠለውን መሰላልና በጣሪያው ላይ ያለውን የዕቃ መጫኛ በእጃቸው ስለሚሠሩት፣ ሁለት አውቶቡሶች ፈጽሞ አንድ አይሆኑም ነበር። አዘውትሮ የሚሄድ መንገደኛ የትኛው አውቶቡስ በዝናብ ጊዜ እንደሚያፈስ፣ የትኛው ወንበር እግር እንደማያዘረጋ ለይቶ ያውቅ የነበረውም ለዚህ ነው። የማዘጋጃ ቤት ቀለም ባይኖራቸውም ባለንብረቱና ሹፌሩ የሚያስጽፉባቸው ጥቅስ፣ የሚሰቅሉባቸው የቅዱሳን ሥዕል ወይም የቁርኣን ጽሑፍ፣ የሚያንጠለጥሉባቸው ዘርፍ የየራሳቸው መለያ ሆኖ ያገለግል ነበር።

ጉዞው የሚጀምረው ከመናኸሪያ፣ ማለትም አውቶቡሶች ተራ ይዘው ከሚጭኑበት አጥር ግቢ ነው። የሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡስ በሌሊት መጓዝ ተከልክሎ ስለቆየና የቀኑ ብርሃን ለረጅሙ መንገድ ስለማይበቃ፣ የደሴ መናኸሪያ ገና ጎሕ ሳይቀድ ይነቃል፤ በጦሳ ተራራ ሥር የሚተኛው ብርድ ጋቢ ባልደረበ ሰው ላይ ሲበረታ፣ ረዳቶች በመሰላሉ ወጥተው በጣሪያው ላይ ጆንያ፣ ጀሪካን፣ ፍራሽና አልፎ አልፎም እግሩ የታሰረ በግ ይደረድራሉ፣ በላዩም ሸራ ያለብሱታል። ረዳት የሚባለው የሹፌሩ አጋዥ ሲሆን፣ ሂሳብ መሰብሰብ፣ ዕቃ መጫንና ማውረድ፣ ሞተሩ ሲግል ውሃ መቅዳት፣ አውቶቡሱ ዳገት ላይ ሲቆም ከጎማው ሥር ታኮ መወተፍ ሁሉ የእርሱ ሥራ ነው። አውቶቡሱ ከመናኸሪያው ሲወጣ ክርስቲያኑ ያማትባል፣ ሙስሊሙ ዱዓ ያደርጋል፤ በወሎ መንገድ ላይ ሁለቱ በአንድ ወንበር ጎን ለጎን የተቀመጡ መሆናቸው ለማንም እንግዳ አይደለም።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን የሐይቅ አካባቢ ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል፤ ስለዚህ ሠላሳ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ውስጥ አውቶቡሱ 500 ሜትር ያህል ይወርዳል። ሹፌሩ ፍሬኑን ለማዳን በከባድ ማርሽ ስለሚወርድ የሞተሩ ድምፅ ከፍ ይላል፣ ጆሮ ይደፈናል፣ ብርዱም ቀስ በቀስ ይለቃል፤ ከታች ወደ ላይ ሲሆን ደግሞ ያው መንገድ ፈተና ይሆናል፤ የጫነ ኤንትሬ ከሐይቅ ወደ ደሴ ሲወጣ እያቃሰተ ስለነበር መንገደኛው የእያንዳንዱን ባሕር ዛፍና የእያንዳንዱን ጎጆ መልክ ለማጥናት በቂ ጊዜ ያገኝ ነበር። ሐይቁ ከከተማው በስተምሥራቅ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በኮረብቶች መካከል የተኛ በመሆኑ፣ በአውቶቡስ የሚያልፈው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከውሃው ይልቅ ስሙን ያውቃል፤ በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበትንና አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበትን ገዳም ለማየትም ወርዶ በእግር ወይም በሌላ መኪና መሄድ ያስፈልገዋል። አላፊው ከሐይቅ የሚያውቀው ሻይ ቤቶቿንና በደርግ ዘመን ወደ ሐይቁ ከገባው የቆሮሶ ዘር የሚጠበሰውን ዓሣዋን ነው።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚሻው የወንበሩ ጉዳይ ነው፤ የሐይቅ ሰው ከአውቶቡስ ጋር ያለው ቅሬታም ፍቅርም የሚመነጨው ከዚህ ነው። አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲሞላ እንጂ ሰዓት ጠብቆ ስለማይነሣ ከደሴ ሲወጣ ባዶ ወንበር አይኖረውም ነበር። ሐይቅ ድረስ ብቻ የሚሄድ ተሳፋሪ ደሴ መናኸሪያ ላይ ፊት ይነሣ ነበር፤ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ተጉዞ ሲወርድ ወንበሩ እስከ ወልዲያ ባዶውን እንዳይቀር የሚሰጋው ባለአውቶቡስ የረጅም መንገድ ሰው ይመርጣልና፣ ይጫን ቢባል እንኳ የሙሉውን መንገድ ሂሳብ የሚጠየቅበት ጊዜ ነበር። ሐይቅ ላይ ቆሞ ወደ ሰሜን የሚጠብቀው መንገደኛ ደግሞ የሚመጣለት አውቶቡስ ሁሉ ሞልቶ ስለሚመጣ እጁን ዘርግቶ ጭሱን ይቀበል ነበር። እንግዲህ የመጀመሪያው ሰው ሐይቅ ላይ ሲወርድ የሚለቀው ወንበር ለሁለተኛው ሰው የሚሆነው ወንበር ነው፤ አንዱ ባይጫን ሌላውም አይጫንም። «ወራጅ አለ!» የሚለው፣ ተሳፋሪ መውረድ ሲፈልግ ለሹፌሩ የሚያሰማው ጥሪ፣ በሌላ ከተማ ተራ ቃል ሲሆን በሐይቅ አስፋልት ዳር ለተሰበሰበው ሰው ግን የምሥራች ነበር፤ አውቶቡሱ ፍጥነቱን ሲቀንስ ማን እንደሚወርድ ሳይታይ ሩጫው ይጀመራል።

ወንበር ያላገኘ ሰው ትርፍ ሆኖ ይገባል። ትርፍ ከተፈቀደው የወንበር ቁጥር በላይ የሚጫን ተሳፋሪ ሲሆን፣ በመተላለፊያው ላይ በበርጩማ ወይም በጆንያ ላይ ይቀመጣል፤ የትራፊክ ፖሊስ ከሩቅ ሲታይ ረዳቱ «አጎንብሱ!» ይላል፣ ሽማግሌው ከወጣቱ እኩል አንገቱን ይደፋል፣ ፖሊሱም ብዙ ጊዜ የጎበጠውን ጀርባ ሁሉ ያያል። የትርፍ ነገር የሕግ ጥሰትና የአደጋ ምክንያት መሆኑ አያከራክርም፤ ነገር ግን በመንገድ ላይ ላሉ ከተሞች ሕጉ ምንም ወንበር ስላልመደበላቸው፣ የሐይቅ ሰው በአውቶቡስ ላይ የነበረው ብቸኛ መብት ይኸው የተከለከለው ቦታ ነበር ማለት ማጋነን አይሆንም። አዲስ አበባ ለመሄድ የፈለገ ነዋሪም ዋዜማውን ደሴ ወጥቶ ማደር ነበረበት፤ ለ400 ኪሎ ሜትሩ መንገድ ከሚከፍለው ሂሳብ ሌላ የአልጋና የራት ወጪ ይጨመርበታል። የጎረቤቱ የወረባቦ ወረዳ ሰው ችግሩ ድርብ ነበር፤ ከወረዳው ከተማ ከቢስቲማ ወጥቶ ሐይቅ ሲደርስ፣ ራሷ ወንበር በሌላት ከተማ ወንበር ይጠብቃል።

በመንገዱ ላይ የሚሰማው ዜማ ከመልክዓ ምድሩ ጋር ይስማማ ነበር። አምባሰል የአንድ አምባ፣ የአንድ ወረዳና የአንድ ቅኝት ስም ነው፤ ቅኝት የሚባለው ዜማ የሚመሠረትበት የድምፆች አደራደር ሲሆን፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ተብለው የሚታወቁት አራቱ ናቸው። ካሴት በአውቶቡስ ውስጥ መሰማት ከጀመረ ወዲህ፣ በአምባሰል አዘፋፈኗ የምትታወቀው የወሎዋ ማሪቱ ለገሠ ድምፅ ከመንዙማ፣ ማለትም ከወሎ ሙስሊሞች የምስጋና ዜማ ጋር በአንድ ጉዞ ላይ እየተፈራረቀ ይደመጥ ነበር፤ አምባውን በመስኮት እያዩ ቅኝቱን መስማት ለብዙ የሩቅ አገር መንገደኛ የማይረሳ ነገር ነው። በመስከረም ወር ደግሞ መንገዱ ሌላ መልክ ይይዛል፤ በአምባሰል ወረዳ የሚገኘው የግሸን ደብረ ከርቤ ማርያም ክብረ በዓል መስከረም 21 ቀን ስለሚውል ከየአቅጣጫው የሚጎርፈውን ምእመን የጫኑ አውቶቡሶች ደሴንና አካባቢዋን ያጥለቀልቃሉ፣ የዘወትሩ ተሳፋሪም መኪና ያጣል።

አውቶቡስ ወሬ ይሸከማል። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ረኀብ ሲበረታ ከየገጠሩ የወጡ ገበሬዎች በአውራ ጎዳናው ዳር ተሰልፈው አውቶቡሶችንና መኪናዎችን እያስቆሙ ምግብ ይለምኑ ነበር፤ የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የዮናታን ዲምብልቢ ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታይቶ ዓለም ከመስማቱ ከወራት በፊት፣ በዚህ መንገድ የሚመላለሱ ሹፌሮች፣ ረዳቶችና ተሳፋሪዎች ነገሩን በዓይናቸው አይተው ነበር። መንግሥት ዝም ባለበት ወቅት ወሬው አዲስ አበባ የደረሰው በእነርሱ አፍ ጭምር ነው፤ የአገሪቱ የታሪክ መጻሕፍት ግን ረኀቡን ላጋለጡት ተማሪዎችና መምህራን የሰጡትን ቦታ ለአውቶቡስ ሰዎች አልሰጡም፣ ይህም ጉድለት ነው።

በደርግ ዘመን የግል አውቶቡስ ባለንብረቶች በቀጠና፣ ማለትም በተወሰነ የሥራ ክልል ተደራጅተው፣ ስምሪታቸውና ታሪፋቸው በመንግሥት ይወሰን ነበር፤ በ1984 ዓ.ም. የወጣው የመንገድ ትራንስፖርት አዋጅ ይህን አሠራር አስቀርቶ ገበያውን ከፈተ። ከእንግሊዙ ለውጥ በስድስት ዓመት ያህል የዘገየው ይህ እርምጃ በሁለቱ አገሮች ያስከተለው ስሜት ግን ተቃራኒ ነው። ለሰሜን እንግሊዝ ከተሞች ሰው የገበያው መከፈት የከተማውን ንብረት የነጠቀው ሲሆን፣ ለሐይቅ ሰው ግን ወንበር አመጣለት። ሕዝቡ «ቅጥቅጥ» የሚላቸው፣ በኢሱዙ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ የተሠሩት መለስተኛ አውቶቡሶች፣ ቀጥሎም ሚኒባሶች አጭሩን መንገድ እንደ ዋና ሥራ ያዙት፤ በመጨረሻም ባጃጅ መጥቶ ከአስፋልቱ እስከ መንደሩ ያለውን ርቀት ሸፈነ። ዛሬ በሰላም ቀን ደሴና ሐይቅ መካከል የሚመላለስ መኪና ለማግኘት የሌላ ሰው መውረድ አይጠበቅም። ትልቁ አውቶቡስ ለአዲስ አበባና ለመቀሌ የተተወ ሲሆን፣ ሐይቅንም መስታወቱን ዘግቶ በፍጥነት ያልፋታል።

ይህ መሻሻል መሆኑን መካድ ለትዝታ ሲባል እውነትን መሸጥ ነው። የሚያሳስበው ሌላ ነው፤ ዋስትና ያለው አገልግሎት አሁንም የለም። ሚኒባሱም ሞልቶ እንጂ ሰዓት ጠብቆ አይነሣም፣ በበዓል ሰሞን ከታሪፍ በላይ መጠየቁም ያለ ነው፣ መንገዱ ሲዘጋም ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጠፋል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት በውጫሌና በሐይቅ በኩል አልፎ ደሴ ሲደርስ በእነዚህ ከተሞች የሚኖረው ሰው ያን ሁሉ ዘመን በአውቶቡስ የተመላለሰበትን ዳገት በእግሩ ወጣው፤ ከዚያ ወዲህ በአማራ ክልል በተከሰተው ግጭትም መንገዶች በየጊዜው እየተዘጉ ጉዞ ሲቋረጥ ቆይቷል። ሰሜን እንግሊዝ በበኩሏ ወደ ቀድሞው መንገድ በከፊል ተመልሳለች፤ ማንቸስተርና ዙሪያዋ እ.ኤ.አ. ከ2023 እስከ 2025 መጀመሪያ ባለው ጊዜ ውስጥ አውቶቡሶቿን በሙሉ ዳግም በሕዝብ አስተዳደር ቁጥጥር ሥር አድርጋ አንድ ዓይነት ቢጫ ቀለም አልብሳቸዋለች። ሐይቅ፣ ውጫሌና መርሳ የሚመለሱበት ቀድሞ የነበረ ነገር የላቸውም፤ የሚያስፈልጋቸው ጥቂት ነው፣ ሞላም ጎደለም በታወቀ ሰዓት የሚነሣ፣ በወረዳዎቹ ወይም በዞኖቹ ድጋፍ የሚንቀሳቀስ የጠዋትና የማታ አውቶቡስ።

ትዝታውን የማቆየቱ ሥራ ግን ገንዘብ አይጠብቅም። በማንቸስተር በጎ ፈቃደኞች የየከተማውን አሮጌ አውቶቡስ ጠግነው በሙዚየም ሲያሳዩ፣ የወሎን መንገድ ያቀኑት ኤንትሬዎች አካላቸው ለቆርቆሮ፣ ሻንሲያቸው ለብረት ማቅለጫ ሄዷል። በእነርሱ ላይ የሠሩት ሹፌሮች፣ ረዳቶችና የካሮሴሪ ሞያተኞች አርጅተዋል። ደሴ ያለው ወሎ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪዎቹን ወደ መናኸሪያውና ወደ ሐይቅ ሻይ ቤቶች ቢልክ፣ በየቤቱም በአውቶቡስ ፊት የተነሣ የቤተሰብ ፎቶግራፍ፣ የቆየ ትኬት ወይም የሹፌር መንጃ ፈቃድ ያለው አንባቢ ከጀርባው ዓመተ ምሕረቱንና የሰዎቹን ስም ጽፎ ቢያስቀምጥ፣ የሚቀጥለው ጸሐፊ የሚነሣበት ነገር ይኖረዋል።